ሦስት ሚሊ በጓዳ

የሆላንዷን ከተማ ስም ሰዎቿ ሲጠሩት ጉሮሮ ይፍቃል፤
እኔ በደብተሬ «ጓዳ» ብዬ ጻፍኩት፣ እሱ ይቀለኛል።
ጓዳም አላጣችም፦ ደጇ አበባ፣ መስኮቷ መስተዋት፣
ከወለሏ በታች ጥቁር ረግረግ፣ ውሃ የሚያድርባት።

ሥራዬ መለካት ነው። በየዓመቱ በጥቅምት
ሌቭሌን በሦስት እግሩ ከቦዩ ዳር አቁሜ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣
ከሃርምከ ቤት ግድግዳ፣ ከጡቡ መሐል የተቀበረች
አንዲት የነሐስ ብሎን አያለሁ። ዘንድሮስ ስንት ወረደች?
ሦስት ሚሊ። አምናም ሦስት። ካቻምና አራት።
ቤቱ እንደ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በዝግታ፣ በሥርዓት።

«ምናለ አንዴ ወርዶ ቢገላግለኝ!» አለች ሃርምከ፣
የበሯን ግርጌ በመጋዝ ስትቆርጥ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ነገርኳት፦ አሸዋ ግልፍተኛ ነው፤ ሲጫኑት ያኔውኑ እጥፍ፣
ሲያነሱለት ጥቂት ቀና ይላል፣ እንደ ሣር ፍራሽ፣ እንደ ምንጣፍ።
ግንበኛው ደመወዙን ሳይቀበል ወርዶ ያበቃል፤
ቂም የለውም።
ረግረግ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ሸክሙን የሚቀበለው
አፈሩ አይደለም፤ በአፈሩ መሐል የታሰረው ውሃ ነው።
ውሃ ደግሞ እንግዳ ነው፤ መንገድ ካገኘ ይሄዳል፤
ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ግን ለመሰናበት ዓመታት ይፈጃል።
በሄደ ቁጥር የያዘውን ለአፈሩ ያወርሳል፤
ቅንጣት ወደ ቅንጣት ይጠጋል፣ ይደጋገፋል፣ ይጠብቃል።
ክብደቱ ያው ነው፤ ተሸካሚው ነው የሚለወጥ ብቻ፤
በመጨረሻ አጽሙ ይቀራል፣ ይዞት ለብቻ።

መጋዟ ቆመ።

«ያፕ በሞተ ሳምንት ይህ ቤት ጢም ብሎ ነበር በሰው፤
ሾርባ የሚያመጣው፣ ድንች የሚልጠው፣ ወንበር የሚዋሰው።
ከደገፈኝ ክንድ ብዛት መውደቂያ አጥቼ አልወደቅኩም፤
ሳልደብቅህ፣ ያኔ እንዲህ አልከበደኝም።
ከዚያ አንድ በአንድ፣ በዚህችው ጠባብ በር ወጡ፤ አልፈርድባቸው፤
ሥራ አላቸው፣ ልጅ አላቸው፣ የራሳቸው ሙት አላቸው።
ሰባት ዓመት ሆነው። ገና አሁን ነው የከበደኝ።
‹አሁንም?› ይሉኛል። የብሎንህን ቁጥር አንተ ንገርልኝ።»

የምለው አጣሁ። አፌ ላይ የመጣው የአገሬ ማጽናኛ ነው፤
«አፈሩን ገለባ ያድርግለት» አልኩ፣ ተረጎምኩላት ቃል በቃል።
ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ መጋዙ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች።
«እኛ'ኮ አፈራችን ገለባ ነው! የሺህ ዓመት ሸምበቆ፣
ያልበሰበሰ፣ ያልደረቀ፣ በውሃ ታሽቶ፣ በውሃ ታፍኖ።
ጸሎታችሁ እዚህ ቀድሞ ደርሷል፤ ለያፕ ቀሎታል፤
ከላይ የቆመውን ግን ገለባ አፈር፣ አየህ፣ ያሰምጠዋል።»

ሳቋ ሲበርድ ወደ ውስጥ አየች።
«የያፕን ፒያኖ ባወጣው፣ ቤቱ ቀና ይላል ወይ?»
«የፀጉር ያህል» አልኳት። «የሄደው ውሃ ይመለሳል ወይ?»
ክዳኑን ከፈተች፤ አንዲት ወፍራም ድምፅ ነካች፤
እስክትጠፋ ድረስ ጆሮዋን ወደ ወለሉ ጣለች።
«እንግዲያስ ይቀመጥ።»

የኩሽናው መቃን ላይ የልጇ ቁመት ተሰምሯል በእርሳስ፤
አራት ዓመት፣ ስድስት፣ አሥር፣ ከራሴ በላይ እስኪደርስ።
እርሳሱን አቀበለችኝ። ጎንበስ ብዬ ከሁሉም በታች
ቀኑን ጻፍኩ፤ ከጎኑ፣ ሦስት ሚሊ።

ሌቭሌን አጥፌ ስወጣ በሩ ከኋላዬ ገጠመ፣
ለዘንድሮ።